ቤትን ከክረምት በፊት ስለ መምረግና ከርጭት በኋላ ስለ መጠበቅ

በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጊዜ ጸደይ ይባላል። በደጋው አገር ጸደይ የበልግ ዝናብ ምድሩን የሚያረሰርስበት ወራት ነው። ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርዶ ሱዳንን በሚዋሰነው ቆላ፣ በመተማ፣ በገንዳ ውኃ፣ በሽንፋና በቋራ ግን ጸደይ የዓመቱ ብርቱ ሐሩር ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበትና የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ሣሩ ደርቆ ይረግፋል፤ ጅረቱ ይጎድላል፤ ጥቁሩ መሬት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። ገበሬው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚዘራበትን ማሳ እያጸዳ ዝናቡን ይጠባበቃል። የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ ደግሞ ቤቱን ለክረምት የሚያዘጋጅበት ጊዜ ይኸው ነው።

ስለ ቤት እድሳት ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መልኩን ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በእኛ ቆላ የቤት እድሳት ከመልክ በፊት የጤና ጉዳይ ነው፤ በጤናም ረገድ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ መቼ እንደሚሠራም ማወቅ ያስፈልጋል። ጭቃው ያው፣ ግድግዳው ያው፣ እጁም ያው ሆኖ ሳለ፣ በግንቦት የተመረገ ቤት ቤተ ሰቡን ይጠብቃል፤ የፀረ ወባ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ የተመረገ ቤት ግን መድኃኒቱን ከጭቃ በታች ይቀብረዋል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ያስረዳል።

ስንጥቅ የተባይ መጠለያ ስለ መሆኑ

የመተማና የአካባቢው መሬት በአብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በክረምት ከግድግዳው ሥር ያበጠው መሬት በበጋ ሲሰበሰብ ቋሚውና ማገሩ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ምርጊቱም ይሰነጠቃል፤ ቀስ በቀስም ከማገሩ እየለቀቀ ይወድቃል። በዚህ ላይ ምስጥ የቋሚውን ሥር ሲበላው ግድግዳው ይዘምማል። ስለዚህ የጭቃ ቤት በየዓመቱ መሰንጠቁ የባለቤቱ ስንፍና ምልክት ሳይሆን የመሬቱ ጠባይ ነው። ስንጥቁን እያዩ ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በስንጥቅ ውስጥ ጊንጥ ይሸሸጋል፤ እባብም ጥላ ፍለጋ ይገባበታል፤ ትኋን ይራባበታል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ግን ለዓይን የሚያስቸግር አንድ ትንሽ ተባይ ነው፤ ይኸውም የአሸዋ ዝንብ የሚባለው ነው። መጠኑ የትንኝ ሲሦ ያህል ነው፤ ሲበር ድምፁ አይሰማም። ቀን ቀን በመሬት ንቃቃት፣ በግድግዳ ስንጥቅና በዛፍ ቅርፊት ሥር ይጠለላል፤ ማታ ወጥቶ ደም ይመጣል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምተው ይህ ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ በሽታውን የሚያስተላልፈው ዓይነት፣ ሊቃውንት ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የሚሉት፣ ጥቁር መረሬና የግራር ዛፍ ባለበት አገር ይኖራል፤ የሚበዛውም በደረቁ ወራት መጨረሻ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ነው። እንግዲህ ቤት የሚመረግበት ወራትና የአሸዋ ዝንብ የሚበዛበት ወራት አንድ ናቸው።

ካላዛር ቀስ ብሎ የሚገድል በሽታ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት፣ የደም ማነስና የጣፊያ ማበጥ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሳይታከም የቀረ በሽተኛ ከሞት የሚተርፈው በጥቂቱ ነው፤ በጊዜው የታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ብሎ በቤት መቆየት በዚህ ቆላ ብዙ ሰው ይጎዳል። የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ስለ ካላዛር መመርመር ይገባዋል፤ ሕክምናውም በመተማ ሆስፒታልና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል።

በሽታው በቆላ ብቻ ታጥሮ እንደማይቀር በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በአዲስ ዘመን ዙሪያ ታይቷል። ቀድሞ ካላዛር በማይታወቅበት በዚያ ከፍ ያለ አገር ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ገደለ። በሽታውን ያደረሱት ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ ለሥራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች እንደ ሆኑ ይታመናል። በምርመራውም ጊዜ ሌሊት በግራር ዛፍ ሥር የሚተኙ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በበሽታው ተይዘው ተገኝተዋል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የአሸዋ ዝንብ ከቤት ውጭም ስለሚናከስ ምርጊት ብቻውን አያድንም። በሐሩሩ ምክንያት በግቢ መተኛት የቆላው ልማድ ነው፤ ይህን ልማድ ተዉ ማለትም በማይቻል ነገር ማዘዝ ይሆናል። ይልቅስ የጠፍር አልጋው ከግራር ዛፍና ከተሰነጠቀ መሬት ይራቅ፤ በአራት እንጨት ላይ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይወጠርበት፤ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። የአሸዋ ዝንብ በቀጭንነቱ በተራ አጎበር ቀዳዳ ሊያልፍ ይችላል፤ መድኃኒቱ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በግቢው ውስጥ ያለው የመሬት ንቃቃት ደግሞ በአሸዋና በጠጠር ተሞልቶ ይደልደል።

ምርጊቱ እንዴት እንደሚሠራ

ንጹሕ መረሬ ብቻውን ለምርጊት አይሆንም፤ በደረቀ ጊዜ መልሶ ይሰነጠቃልና። ከወንዝ ዳር የመጣ አሸዋ ወይም ቀይ አፈር ይደባለቅበት፤ የጤፍ ጭድ ወይም ተከትክቶ የደቀቀ ደረቅ ሣር ይጨመርበት፤ ከዚያም ውኃ እየተጨመረበት በእግር እየተረገጠ ለጥቂት ቀናት ይቡካ። ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት አያይዞ ይይዘዋል፤ መቡካቱ ደግሞ ጭቃውን ያለዝበዋል።

አሮጌውን ስንጥቅ ከላይ በቀጭን ጭቃ መሸፈን ሥራን ማታለል ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ መልሶ ይከፈታል። ስንጥቁ አስቀድሞ በስለት ይስፋ፤ የላላው ምርጊት ይራገፍ፤ ውኃ ይረጭበት፤ ከዚያ በኋላ የቦካው ጭቃ በጣት እየተጠቀጠቀ እስከ ውስጥ ይሙላው። ይህ የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሲደርቅ የሚታዩት ትንንሽ ስንጥቆች በሁለተኛው ቀጭን ልስን ይደፈናሉ። ልስኑ ላይ እበት ቢቀላቀልበት ለስላሳና ጠንካራ ይሆናል።

ሦስት ቦታዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። የመጀመሪያው ግድግዳና ጣራ የሚገናኙበት ክፍተት ነው፤ የወባ ትንኝ ማታ ወደ ቤት የምትገባበት ትልቁ በር እርሱ ነው። ሁለተኛው ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ ነው። ሦስተኛው ከሣጥንና ከአልጋ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው፤ ይህ ለእንግዳ ዓይን ስለማይታይ ይዘለላል፤ ተባይ ግን የሚመርጠው ይህንኑ ነው። ክፍተቱ ሲደፈን ቤቱ እንዳይታፈን መስኮት ይተውለት፤ አቅም ያለው ሰው በመስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ ይምታበት።

ከምርጊቱ ጋር የቋሚው ሥር ይመርመር። ምስጥ የበላው እንጨት ተነቅሎ በሌላ ይተካ፤ አዲሱም ወደ መሬት የሚገባው ጫፉ በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይተከል።

ጭቃው የተቆፈረበት ጉድጓድ

ቤቱን ለጤና ብሎ የመረገ ሰው ከበሩ አጠገብ የወባ ማራቢያ ትቶ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይኸውም አፈሩን የቆፈረበት ጉድጓድ ነው። በአገራችን ወባን በብዛት የምታስተላልፈው ትንኝ፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው፣ እንቁላሏን የምትጥለው በትልቅ ወንዝ ወይም በጥልቅ ሐይቅ አይደለም። የምትወድደው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ትንሽና ያልጠለቀ፣ ዝናብ ያቆረውን ውኃ ነው። በሰኔ የሞላ የምርጊት ጉድጓድ ለእርሷ እንደ ተዘጋጀ ቤት ነው። ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃልና፣ አንድ ጉድጓድ በአንድ ክረምት ብዙ ትውልድ ትንኝ ያወጣል።

ስለዚህ አፈሩ ከመኖሪያ ራቅ ካለ ቦታ ይቆፈር። ጎረቤታሞች እየተነጋገሩ በየቤታቸው ደጅ ከመቆፈር ይልቅ በአንድ ስፍራ ቢቆፍሩ የተሻለ ነው። ሥራው ሲያልቅም ጉድጓዱ በተራገፈው አሮጌ ምርጊትና በድንጋይ ተሞልቶ ይደልደል እንጂ ለዝናቡ አይተው። ለግንብ ሥራና ለጡብ የተቆፈረም እንዲሁ ነው።

ርጭት እንዴት እንደሚያድን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የጎንደር አገር በወባ የደረሰበት መከራ የተረሳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 በደምቢያ፣ በቆላ ድባ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በተከታዩ ዓመት በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። እንደዚሁ አቈጣጠር በ1958 ደግሞ በአገሪቱ ብዙ ክፍል ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ ባለሙያዎች እንደ ገመቱት፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሞተ። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተመሠረተ፤ ዋና መሣሪያውም በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ዲ.ዲ.ቲ. መርጨት ነበር። ዲ.ዲ.ቲ. 50 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ትንኟ ስለ ለመደችው በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል። መድኃኒቱ ቢለወጥም አሠራሩ ያው ነው።

ብዙ ሰው ርጭት ትንኝ ወደ ቤት እንዳትገባ የሚያደርግ ይመስለዋል፤ ርጭቱ ከተደረገ በኋላ ትንኝ ሲነክሰው ጊዜም «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የወባ ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ ሆዷ ስለሚከብዳት ሩቅ መብረር አትችልም፤ በቅርብ ባለው ግድግዳ ላይ ተቀምጣ የጠጣችውን ደም ትፈጫለች። የተረጨው መድኃኒት በግድግዳው ገጽ ላይ እንደ ስስ ዱቄት ደርቆ ይጠብቃታል፤ በእግሮቿም በኩል ገብቶ ይገድላታል። ስለዚህ ርጭት ዛሬ የነከሰችውን ትንኝ ነገ ሌላ ሰው እንዳትነክስ ያደርጋታል።

ይህን በቍጥር መመልከት ይቻላል። ከበሽተኛ ደም የጠጣች ትንኝ ወዲያው ወባን ልታስተላልፍ አትችልም፤ የበሽታው ተውሳክ በሆዷ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ በእንደ እኛ ያለ ሞቃት አገር 10 ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ትንኟ ደግሞ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ደም ትሻለች። እንግዲህ ለመጉዳት እስክትበቃ ድረስ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ደም ጠጥታ ሦስት አራት ጊዜ ታርፋለች ማለት ነው። በሰፈሩ ያለው ግድግዳ ሁሉ የተረጨ ከሆነ በአንዱ ብታመልጥ በሌላው ትሞታለች፤ ዐሥረኛው ቀን ሳይደርስባትም ታልቃለች። ከዐሥሩ ቤት አምስቱ መድኃኒቱን በጭቃ ከሸፈነ ግን ለማረፊያ የሚሆናት ደኅና ግድግዳ ታገኛለች።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። በእኔ ቤት ግድግዳ ላይ የተረጨው መድኃኒት ይልቁን የሚጠብቀው የጎረቤቴን ልጅ ነው፤ በጎረቤቴ ግድግዳ ላይ ያለው ደግሞ የእኔን ልጅ ይጠብቃል። ከርጭት በኋላ ግድግዳውን የመረገ ሰው የጎረቤቱን ጋሻ እንደ ሰበረ ይቈጠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ በዚህ ሥራ በትክክል ይፈጸማል።

እርግጥ ከቤት ውጭ የምትናከስና በውጭ የምታርፍ ትንኝም ስላለች ርጭት ብቻውን በቂ አይደለም። ርጭት የተደረገለት ቤትም ቢሆን አጎበርን መተው አይገባውም።

በዓልና ምርጊት

ታዲያ ማን ነው ከርጭት በኋላ የሚመርግ? መልካም ሰው ነው፤ ንጽሕናን የሚወድድ ሰው ነው። የፀረ ወባ ርጭት አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ከዋናው የወባ ወራት አስቀድሞ በክረምት ነው፤ የወባ ወራት የሚባለውም ዝናቡ መለስ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ያለው ነው። በመካከሉ ዘመን መለወጫና መስቀል ይመጣሉ። በዓልን በታደሰ ቤት መቀበል ደግሞ የቆየ ልማዳችን ነው፤ እናቶች እበት ይለቀልቃሉ፣ ልስን ያለስናሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፤ በከተማም በግድግዳ ላይ ጋዜጣና የሥዕል ወረቀት የሚለጥፍ አለ። በዚህ ዓይነት የመድኃኒቱ ኃይል ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ፣ ትንኟም በምትበዛበት ሳምንት፣ ግድግዳው በአዲስ ገጽ ይሸፈናል። የመድኃኒቱ ጉልበት እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 6 ወር ገደማ ይቆያል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጭቃው ስለሚመጥጠው ዕድሜው ያጥራል። ይህንንም ጥቂት ዕድሜ በአንድ ቀን ሥራ መቅጨት የሚያሳዝን ነው።

መፍትሔው በዓልን ማስቀረት አይደለም፤ የሥራውን ተራ መለወጥ ነው። የውስጥ ግድግዳ ምርጊቱ፣ ልስኑ፣ ቀለሙና የሚለጠፈው ወረቀት ሁሉ በሚያዝያና በግንቦት ይለቅ። መስከረም ሲመጣ ለበዓሉ የሚሆን ሥራ አይጠፋም፤ መድኃኒቱ የተረጨው በውስጠኛው ግድግዳ ስለ ሆነ የውጪውን ገጽ መለሰንና ማስዋብ ይቻላል፤ ወለሉ ይለቅለቅ፤ ደጁ ይጠረግ፤ አልጋውና መቀመጫው ይታጠብ፤ ቄጤማው ይጎዝጎዝ። በክረምቱ ዝናብ የውስጥ ግድግዳ የተናደበት ሰው የተናደውን ቦታ ብቻ ይጠግን፤ ሌላውን አይንካ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ያስታውቅ።

ረጪዎች ሲመጡ ምግብ፣ የመጠጥ ውኃና የወጥ ቤት ዕቃ ሁሉ ወደ ውጭ ይውጣ፤ የማይወጣው ከባድ ዕቃ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በመካከል ይሸፈን። ከርጭቱ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት ማንም አይግባ፤ ከዚያም በርና መስኮቱ ተከፍቶ ቤቱ ይናፈስ፤ የሞቱት ተባዮች ተጠርገው ይቀበሩ። ወለሉ ሳይጠረግ ሕፃናትና ዶሮዎች አይግቡ። ግድግዳው አይታጠብ፤ አይወልወል።

ጣራ፣ ቦይ፣ የውኃ ዕቃና መጸዳጃ

የሣር ክዳን ያለው ጎጆ የሳሳው ቦታ በዚሁ ወራት ይከደን፤ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ደግሞ የላላውን ምስማር ያጥብቅ። ጣራው ካፈሰሰ ምርጊቱ ይረጥባል፤ የረጠበ ምርጊት ይወድቃል፤ ከእርሱ ጋር የተረጨው መድኃኒትም ይወድቃል። ጣራን ማደስ ርጭቱን መጠበቅ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

በጠፈጠፉ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፤ ቦዩም ውኃውን ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚወስድ ይሁን እንጂ ውኃ የሚያቁር አይሁን። የአሸንዳ ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜል ክዳን ይበጅለት፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ተደፍቶ ውስጡ ይፈተግ። ድሮ የወባ ትንኝ በበርሜል አትራባም ይባል ነበር። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ ግን በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት እርሷ ሆና ተገኝታለች። የሰውና የጭነት መተላለፊያ በሆነ የድንበር ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

መጸዳጃ ቤቱም ከዝናቡ በፊት ይመርመር። ጉድጓዱ ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ሌላ ይቆፈር፤ ጎርፍ እንዳይገባበት በአፉ ዙሪያ አፈር ተደልድሎ ከፍ ይበል፤ ክዳንም ይኑረው። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ አገራችን ተሰደደ፤ በተከተለው ክረምትም በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ታየ። ኮሌራ ድንበርና ዜግነት አይለይም፤ የሚጓዘው በተበከለ ውኃ ነው፤ ጎርፍም የአንዱን ቤት እዳሪ ወደ ሌላው ቤት ጉድጓድ ያደርሰዋል።

ቤት ለሚያከራዩና ሠራተኛ ለሚያሳድሩ

ከሰኔ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ብዙ ሠራተኛ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ይወርዳል። ይህ ሰው በደጋ ስላደገ ሰውነቱ ወባን አልተለማመደም፤ በያዘው ጊዜም ብርቱ ይሆንበታል። የሚያድርበት ደግሞ ብዙ ጊዜ የከተማው መጨረሻ ክፍል፣ ወይም በእርሻው ላይ የተቀለሰ ዳስ፣ ወይም የግራር ጥላ ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው የራሱን እልፍኝ መርጎ የተከራዩን ክፍል በስንጥቁ ቢተወው፣ ትንኟ በመካከላቸው ያለውን ግድግዳ አታከብርም። ባለ እርሻም ለሠራተኛው አጎበር ማዘጋጀት ይገባዋል፤ ሠራተኛው በአጨዳ ሰዓት ቢታመም ጉዳቱ የሁለቱም ነውና።

ለመምህራን የቀረበ ማሳሰቢያ

ትምህርት ቤት ለክረምት የሚዘጋው ይህ ሥራ በሚሠራበት ሰሞን ነው። ስለዚህ መምህራን በግንቦት ወር ለአንድ ሳምንት ያህል ይህን ነገር በትምህርት ውስጥ ቢያስገቡት ፍሬው በዚያው ዓመት ይታያል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የትንኟን ዐሥር ቀንና የምታርፍበትን ጊዜ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉ። በቤት ሥራም እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለውን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በደጁ ያለውን ክፍት ጉድጓድ፣ ክዳን የሌለውን የውኃ ዕቃ ቈጥሮ ይምጣ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም መልሶ ይቍጠር። ልጅ የቈጠረውን ነገር ለእናቱና ለአባቱ ሳይነግር አይውልም። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ራሱ ስንጥቅ ካለው ደግሞ ትምህርቱ ከዚያ ይጀመር።

የሥራው ተራ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ አፈር ይቆፈር፤ ጭቃው ይቡካ፤ ስንጥቁ ይደፈን። በግንቦት ልስኑና ቀለሙ ይለቅ፤ ጣራው ይከደን፤ መጸዳጃው ይመርመር። በሰኔ መግቢያ ቦዩ ይከፈት፤ የምርጊቱ ጉድጓድ ይደፈን። ርጭት በቀበሌው የሚደረግ እንደ ሆነና ቀኑ መቼ እንደ ሆነ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ምርጊቱም ከዚያ ቀን በፊት በደንብ የደረቀ ይሁን። ከርጭቱ ቀን ጀምሮ የወባው ወራት እስኪያልፍ ድረስ የውስጥ ግድግዳ በጭቃም፣ በእበትም፣ በቀለምም፣ በወረቀትም አይሸፈን። አንድ ቤት ይህን ተራ ቢጠብቅ ጥቂት ይረዳል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲጠብቀው ግን ትንኟ የምታርፍበት ግድግዳ ታጣለች።